የእጃችን ሰዓትና የሰማዩ ጨረቃ

ምስጋና ሁሉ ሌሊትንና ቀንን ለሚያፈራርቀው፣ ጨረቃንም ለሰው ልጆች የወቅት መለያ ላደረገው አላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለ እጅ ሰዓት ነው፤ በተለይም ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በራሱ ስለሚያውቀው፣ ዋጋውም ከፍ ስላለው ሰዓት። አንዳንዶቻችሁ «ይህ የዱንያ ወሬ አይደለምን?» ትሉ ይሆናል። ሆኖም ሰዓት ለሙስሊም ጌጥ ብቻ አይደለም። ሶላታችን፣ ጾማችንና ዘካችን ሁሉ በወቅት የታሰሩ ናቸው። ስለዚህ በእጃችን ያሰርነው ነገር የትኛውን ዘመን እንደሚቆጥር ማወቅ ይጠቅመናል፤ አለማወቃችን ደግሞ የድሆችን ሐቅ እስከ ማስቀረት ሊያደርሰን ይችላል። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን፤ ኢንሻአላህ።

ሰዓትና የአራዳ ሰው

ለዚህ ጉዳይ ከአራዳና ከፒያሳ የተሻለ መነሻ አይገኝም። አራዳ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ትልቅ ገበያ ነበረ። የዐረብ፣ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ የከፈቱበት፣ የሕንዳዊው የሙሐመድ ዓሊ ኩባንያ ከባሕር ማዶ ያስመጣውን ዕቃ ያከፋፈለበት ሰፈር ነው። ወርቅ ቤቶቹ እስከ ዘመናችን ድረስ የፒያሳ መታወቂያ ሆነው ኖረዋል። ከወርቅ ቤቶቹ አጠገብም ማጉያ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተው በጠባብ ጠረጴዛ ላይ የሚያጎነብሱት ሰዓት ሠሪዎች፣ ከደጅ ደግሞ ሰዓት በሣጥን ደርድረው የሚያዞሩት የሱቅ በደረቴ ልጆች ነበሩ።

ከፒያሳ ጥቂት ወረድ ሲሉ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የሚጠራው ውቤ በረሃ አለ። ይህ ሰፈር ከ1966ቱ አብዮት በፊት በምሽት ቤቶቹና በጭፈራው የታወቀ ነበር። እዚያ ያመሸ ሰው ጥሩ ሰዓት ቢያስርም ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ሳያውቅ ይነጋበታል። በዚያው አካባቢ ግን ሕዝቡ በኒ መስጂድ ከሚለው ከኑር መስጂድ የሱብሒ አዛን ይሰማ ነበር። አንዱ ሰው ከመጠጥ ቤት ሲወጣ ሌላው ወደ መስጂድ ይገባል፤ የሁለቱም ሰዓት ግን የሚያሳየው ያንኑ ቁጥር ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። ሰፈር እንኳ እንዲህ ያልፋል። ከሰፈሩ ሰው ጋር የሚሄደው በሰዓቱ የሠራበት ሥራ ብቻ ነው።

ቀንን የሚያውቅ ሰዓት ምንድን ነው?

ተራው ባለ ቀን ሰዓት ወር ሁሉ 31 ቀን ይመስለዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ31 ቀን የሚያንሱ አምስት ወሮች ስላሉ ባለቤቱ በዓመት አምስት ጊዜ በእጁ ማረም አለበት። ከዚህ የተሻለው የ30ንና የ31ን ልዩነት ያውቃል፤ የሚታረመው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ብቻ ነው። ከሁሉ የላቀው ግን «ፐርፔቹዋል ካላንደር» የሚባለው ነው፤ ትርጉሙ ዘላለማዊ ወይም ዘላቂ የቀን መቁጠሪያ ማለት ነው። ይህኛው ፌብሩዋሪ 28 ቀን መሆኑን፣ በየአራት ዓመቱም 29 እንደሚሆን ያውቃል።

ይህን የሚያውቀው በባትሪ ወይም በኮምፒውተር አይደለም። በውስጡ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ የሚያበቃ ክብ ጎማ አለ። አራት ዓመት 48 ወር ነውና የጎማው ዙሪያ ለ48 ተከፍሏል። 31 ቀን ላለው ወር ስፍራው ከፍ ያለ ነው፤ 30 ቀን ላለው ጥቂት ጎድጎድ ይላል፤ ለፌብሩዋሪ በጣም ይጎደጉዳል፤ በአራተኛው ዓመት ለሚመጣው ባለ 29 ቀን ፌብሩዋሪ ደግሞ ጉድጓዱ ትንሽ ይቀንሳል። አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ ይህን ጎማ እየዳሰሰች ትኖራለች። ወሩ ሲያልቅ ምላሷ የገባችበት ጥልቀት የቀኑ ቆጣሪ ስንት ቀን መዝለል እንዳለበት ይወስናል። ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በእጃችን በምንሞላው ወይም በክንዳችን መወዛወዝ በሚሞላ አንድ ሞላ ነው።

እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ቶማስ ማጅ እንዲህ ያለውን የኪስ ሰዓት በእ.ኤ.አ. 1762 ሠራ። በእጅ ሰዓት መልክ የመጀመሪያውን የሠራው የስዊዘርላንዱ ፓቴክ ፊሊፕ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1925 ነው። ዛሬ በርካሽ የሚገኙ ባለ ባትሪ የካሲዮ ሰዓቶች ውስጥ እስከ 2099 ያለውን ቀን አስቀድመው የያዙ አሉ። ስለዚህ ውዱን ሰዓት ውድ ያደረገው ቀኑን ማወቁ ሳይሆን የሰው እጅ በብረት ላይ የጻፈው ጥበብ ነው። ጥበብን ማድነቅ ደግሞ ነውር የለበትም፤ ለሰው አእምሮን የሰጠው አላህ ነውና።

የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት

እንዲህ ያለ ሰዓት በሀገራችን ታሪክ ውስጥም አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የፓቴክ ፊሊፕ 2497 የተባለ የወርቅ ፐርፔቹዋል ካላንደር ነበራቸው። ይህ ሞዴል ከእ.ኤ.አ. 1951 ጀምሮ የወጣ ሲሆን የተሠራው ከመቶ እምብዛም ባልበለጠ ቁጥር ነው። ዕለቱንና ወሩን ከላይ በሁለት ትናንሽ መስኮቶች፣ ቀኑንና የጨረቃዋን መልክ ከታች ያሳያል።

ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ዓመት ሳይሞላም ሞቱ። ሰዓቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ ጄኔቫ ለጨረታ ቀረበ። በመጀመሪያ በባለቤትነት ክርክር ከጨረታው እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። በኋላ በኅዳር 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) በክሪስቲ አጫራች ድርጅት ከ2.8 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠ።

ውድ አድማጮች፣ ይህን የምናነሳው በሟች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ለራሳችን ትምህርት እንዲሆነን ነው። ያ ሰዓት በሥርዓቱ ከተሞላ እ.ኤ.አ. እስከ 2100 ድረስ ቀኑን ሳይስት እንዲቆጥር ሆኖ ተሠርቷል። ባለቤቱ ግን መንግሥታቸው የምታበቃበትን ቀን ከሰዓታቸው ላይ ሊያነቡ አልቻሉም። ማንኛችንም የራሳችንን ቀን ማንበብ አንችልም። «ዘላለማዊ» የሚለው ስም ለብረት የተሰጠ የገበያ ስም ነው፤ ዘላለማዊው አላህ ብቻ ነው።

ጥርሳም ጎማና የሙስሊም ሊቃውንት

ይህ ጥበብ የአውሮፓ ብቻ የሚመስለን ካለን ወደ ኋላ እንመልከት። በ11ኛው ምዕተ ዓመት አል-ቢሩኒ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ በጥርሳም ጎማዎች የሚያሳይ መሣሪያ አሠራር በጽሑፍ አስቀምጧል። በ618 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1221/22) የኢስፋሃኑ ሙሐመድ ኢብን አቢ በክር በአስጠርላብ ጀርባ ላይ እንዲህ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ሠርቷል፤ የጨረቃዋን መሙላትና መጉደልም ያሳያል። ይህ ዕቃ ዛሬ በእንግሊዝ ሀገር በኦክስፎርድ ቤተ መዘክር ይገኛል። ሙሉ አካሉ ሳይጎድል እስከ ዘመናችን ከደረሱት ባለ ጥርስ መሣሪያዎችም እጅግ ጥንታዊው እሱ ነው። በደማስቆ የኡመዊያ መስጂድ የሶላት ወቅት ጠባቂ የነበረው ኢብን አሽ-ሻጢር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1371 ለመስጂዱ ድንቅ የፀሐይ ሰዓት ሠርቷል። ለእነዚህ ሰዎች የጊዜ ዕውቀት የዒባዳ አገልጋይ ነበረች፤ የሰዓታቸውም ጌጥነት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሰዓቱ የሚቆጥረው የማንን ዘመን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም ሦስት ዘመን ይቆጥራል፤ የሀገሩን፣ የፈረንጆቹንና የሒጅራውን። በገበያ ላይ የሚገኘው ፐርፔቹዋል ካላንደር የሚያውቀው የፈረንጆቹን ነው። እሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1582 ጀምሮ በወጣው ሥርዓት የመቶ ዓመት መዝጊያ ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29 ቀን አይኖረውም። ስለዚህ 2100 ላይ አብዛኛው «ዘላለማዊ» ሰዓት ይስታል፤ በሰው እጅም ይታረማል።

የሀገራችን አቆጣጠር ለሰዓት ሠሪ ምንኛ በቀለለው! 12ቱ ወሮች እኩል 30 ቀን ናቸው፤ የምትለዋወጠው ጳጉሜን ብቻ ናት። እሷም በየአራት ዓመቱ ያለ ማቋረጥ 6 ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም. 6 ነበረች፤ በ2019 ዓ.ም.ም 6 ናት። የመቶ ዓመት ልዩ ሥርዓት ስለሌላት እ.ኤ.አ. 2100 ለእርሷ እንደማንኛውም ዓመት ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ግን መስከረም 1 የሚውልበት የፈረንጆች ቀን ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይሸጋገራል።

የሰዓት አነባበባችንም የራሱ ነገር አለው። ብዙዎቻችን ሰዓቱን በፈረንጅ ሞልተን አጭሩ ቆጣሪ 7 ላይ ሲደርስ «1 ሰዓት» እንላለን። አንዳንዱ ደግሞ በሐበሻ ሰዓት ይሞላዋል። እንዲህ የሞላ ሰው ቀኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እንዲገለበጥ ካደረገ የሰዓቱ ቀን መግሪብ አካባቢ ይለወጣል። በሸሪዓችንም ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማልና አዲሱ ቀን የሚገባው በመግሪብ ነው። በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ 12 ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

44 ደቂቃና 11 ቀናት

የሒጅራ አቆጣጠር በሁለተኛው ኸሊፋ በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን በ17ኛው ዓመተ ሒጅራ የተደነገገ ሲሆን መሠረቱ ጨረቃ ናት። ከአንዱ አዲስ ጨረቃ እስከ ሌላው በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይሆናል። በብዙ ሰዓቶች ገጽ ላይ የምናያት ትንሽ ጨረቃ 59 ጥርስ ባለው ጎማ ትዞራለች። በጎማው ላይ ሁለት ጨረቃ ስላለ ለእያንዳንዷ 29 ቀን ተኩል ይደርሳታል፤ 44ቱ ደቂቃ ግን ይቀራል። በሁለት ዓመት ከሰባት ወር ገደማ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ይስታል ማለት ነው። የተሻለው ሰዓት 135 ጥርስ ያለው ጎማ ስላለው አንድ ቀን የሚስተው በ122 ዓመት ነው።

እነዚያ 44 ደቂቃዎች ቀላል አይደሉም። በ30 ዓመት ውስጥ 360 የጨረቃ ወር አለ። 44 ደቂቃን በ360 ብናባዛ 264 ሰዓት፣ ማለትም 11 ቀን ይሆናል። የሒጅራን ዘመን በሒሳብ ያሰሉ ሊቃውንት በ30 ዓመት ውስጥ 19ኙን ዓመት 354 ቀን፣ 11ዱን ደግሞ 355 ቀን ያደረጉት በዚሁ ምክንያት ነው። ፓርሚጃኒ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት ይህን የ30 ዓመት ዑደት በጎማ ላይ ቀርጾ የሒጅራ ፐርፔቹዋል ካላንደር የእጅ ሰዓት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2020ም በጄኔቫው ታላቅ የሰዓት ውድድር የፈጠራ ሽልማት አግኝቶበታል።

ታዲያ ይህን ሰዓት ያሰረ ሰው ሰዓቱ «ረመዷን 1» ሲለው ይጾማልን? አይጾምም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጨረቃን አይተን እንድንጾም፣ አይተንም እንድናፈጥር፣ ከተጋረደችብን ደግሞ 30 እንድንሞላ አስተምረውናል። የሰዓቱ ሒሳብ አማካይ ነው፤ የሰማዩ ጨረቃ አንድ ቀን ልትቀድመው ወይም ልትዘገይበት ትችላለች። ሰዓቱ ለቀጠሮና ለሰነድ ያገልግለን፤ ለጾማችን ግን የጨረቃዋን መታየት ከኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት እንጠብቅ።

የተረሳው ዘካ

በመግቢያችን የድሆች ሐቅ ያልነው እዚህ ላይ ነው። ዘካ የሚሰላው በጨረቃ ዓመት፣ በሐውል ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳል። ዘካውን «በየመስከረም» ወይም በሰዓቱ ላይ በሚያነበው የፈረንጅ ቀን የሚያወጣ ነጋዴ በየዓመቱ 11 ቀን ይዘገያል። 33 የፀሐይ ዓመት ሲሞላው 34 የጨረቃ ዓመት አልፎታል፤ እሱ ያወጣው ግን 33 ጊዜ ነው። የአንድ ሙሉ ዓመት ዘካ ሳይታወቀው በእጁ ቀረ ማለት ነው። በወጣትነቱ ሱቅ ከፍቶ እስከ እርጅናው የነገደ ሰው ይህን ያህል ዓመት ሊሞላው ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሀብታችን ኒሷብ የሞላበትን የሒጅራ ቀን ጽፈን እናስቀምጥ፤ በየዓመቱም በዚያው ቀን እናስላ። የሂሳብ መዝገቡ በፀሐይ ዓመት ብቻ ለሚዘጋበት ነጋዴ የዘመኑ ሊቃውንት ከመቶ 2.5 በማውጣት ፈንታ ከመቶ 2.577 እንዲያወጣ ይነግሩታል፤ ጭማሪዋ የ11ዱን ቀን ጉድለት ትሞላለች።

ስለ ወርቅ ሰዓት

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «አባቴ የወርቅ ሰዓት አውርሶኛል፤ ማሰር እችላለሁ?» የሚል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወርቅና ሐር ለኡመታቸው ወንዶች ክልክል፣ ለሴቶች የተፈቀደ መሆኑን ገልጸዋል። ስለዚህ ወንድ የወርቅ ሰዓት አያስርም። በባለቤትነት መያዙ፣ መውረሱና መሸጡ ግን ይፈቀዳል። ለሚስቱ ወይም ለልጁ መስጠትም ይችላል። የወርቁ ክብደት ለብቻው ወይም ካለው ሌላ ወርቅ ጋር 85 ግራም ከሞላ ዘካ አለበት።

በወርቅ ቤት አካባቢ አንድ የስም መምታታት አለ። «ነጭ ወርቅ» የሚባለው ከሌላ ብረት ጋር ተቀላቅሎ የነጣ እውነተኛ ወርቅ ነው፤ ክልከላው በእሱም ላይ ይሠራል። ፕላቲንየም ግን ሌላ ማዕድን ስለሆነ ብዙ የዘመኑ ዑለማዎች ፈቅደውታል። ብረት (ስቲል) ምንም ጥያቄ የለበትም። ወርቅ ቅብ በሆነው ላይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ መራቁ ለልብ የሚያረካ ነው። ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

ገዥና ሻጭም ይጠንቀቁ። የታወቀ ስም የተለጠፈበት ፎርጅድ ሰዓት በየመንገዱ ይሸጣል። ብዙ ትናንሽ ክቦች በገጹ ላይ ቢኖሩም ፐርፔቹዋል ካላንደር ሆነ ማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያጭበረብር ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናግረዋልና ሙስሊም ሻጭ የዕቃውን እውነት ይናገር።

ሰዓቱን በአማና መያዝ

ሰዓቱ ያለው ሰው በእንክብካቤ ይያዘው፤ ንብረትን ማባከን የተጠላ ነው። ቀኑ ሊገለበጥ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩትና እንደተገለበጠ የቀኑን ማረሚያ አይንካ፤ በዚያን ጊዜ ጥርሶቹ ተያይዘው ስለሚቆዩ ሊሰበሩ ይችላሉ። ሰዓቱ ቆሞ ከቆየ እየቆጠረ በትዕግሥት ወደ ፊት ያምጣው፤ አንዳንዱ ወደ ኋላ አይመለስም። ካልቻለ ለሚያውቅ ሰዓት ሠሪ ይስጥ።

ከመግዛቱ በፊት ግን ራሱን ይጠይቅ። ዕዳ አለብኝን? ጦም የሚያድር ዘመድ ወይም ጎረቤት አለኝን? የምገዛው ጥበቡን ወድጄ ነው ወይስ ሰው እጄን እንዲያይልኝ? ኢስራፍና ሪያእ የሚገቡት በዚህ በር ነው። በቂያማ ቀን የሰው ልጅ ዕድሜውን በምን እንዳሳለፈ፣ ገንዘቡንም ከየት አግኝቶ በምን ላይ እንዳወጣ ሳይጠየቅ እግሩ ከስፍራው እንደማይንቀሳቀስ በሐዲስ ተነግሯል። ውድ ሰዓት ያሰረ ሰው ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድ እጁ ተሸክሞ ይሄዳል።

አላህ ጊዜያችንን ይባርክልን፤ ዘካችንን በወቅቱ ከሚያወጡት፣ ሶላታቸውን በወቅቱ ከሚሰግዱት ያድርገን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።